ካውያ ያረፈበት ቱታ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ዳይሬክተር» እያለ የሚጠራቸው ሰው በሕይወታቸው አንድ ቀን እንኳ ዳይሬክተር ሆነው አያውቁም። የከተማ አውቶቡሶች የሚጠገኑበት ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ናቸው፤ ለዚያውም የማርሽና የፍሪሲዮን መካኒክ። ከአውቶቡስ ሆድ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ይውላሉ፤ ጥቁሩን ዘይት ግማሹን በባልዲ፣ ግማሹን በፊታቸው ይቀበላሉ። እንዲህ ሲሠሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላቸው። ሰፈሩ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ጠዋት ከቤት ሲወጡ የሚታዩት ሰው ሌላ ነበሩና ነው። ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰማያዊ ከረቫት፣ ፊት የሚያሳይ ጫማ፣ በግራ እጃቸው ቡናማ የቆዳ ቦርሳ። ቦርሳው ውስጥ ያለው የታጠፈ ቱታ፣ ሳሙናና ምሳ መሆኑን ከቤተሰባቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ሲመለሱም እንደወጡ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ታጥበው፣ ጥፍራቸውን በብሩሽ ፈትገው፣ ከረቫታቸውን አስረው ነው የሚወጡት። ለመታጠቡና ለመቀያየሩ ብቻ በቀን ሃምሳ ደቂቃ ይሄዳል።

ዋሹ ማለት ግን አይቻልም። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ወደ ሰፈሩ የገቡ ዕለት ዳቦ ጋጋሪው «ጌታዬ፣ የት ነው የሚሠሩት?» ሲላቸው «አውቶቡስ ድርጅት» አሉት። እውነት ነው። ዳቦ ጋጋሪው ከረቫቱን አየት አደረገና «ዳይሬክተር ይሆናሉ» አለ። በዚያች ደቂቃ አፋቸው በትኩስ ዳቦ ተሞልቶ ነበር። ዳቦው ተውጦ እስኪያልቅ ወሬው ሦስተኛው ቤት ደረሰ። ከዚያ ወዲያ «አይደለሁም» የሚሉበት ምቹ ቀን አልተገኘም።

የልብስ ነገር ለእሳቸው ቀልድ አልነበረም። አባታቸው ተሸካሚ ነበሩ። ትከሻቸው ላይ ጆንያ ደርበው ይሠራሉ፣ ጆንያውን ደርበው ይበላሉ፣ ሲበርዳቸውም ያንኑ ይለብሳሉ። ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቡ የሄዱ ቀን መዝጋቢው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ዕቃው በጓሮ በኩል ነው የሚገባው» አላቸው። አባትየው ስቀው አለፉት። ልጁ ግን አልሳቀም። ያ ሰውዬ አባቴን አላየም፣ ጆንያውን ነው ያየው ብሎ በልቡ ያዘው። ሲያድግ ሰው ሥራውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ መንገድ ለመንገድ መዞር የለበትም የሚል ሕግ ለራሱ አወጣ፤ ሕጉን አንድ ቀን ሳያፈርስ ወደ ስልሳ ዓመት ተጠጋ።

ሕጉን ያፈረሰችው የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ቤት ውስጥ ሚጡ ይሏታል። የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነች፤ ከሙያ ትምህርት ቤት በአውቶ መካኒክ ተመርቃ፣ ተወዳድራ፣ እዚያው የአባቷ ጋራዥ ተቀጠረች። ጋሽ ዳይሬክተር በደስታ የሚሆኑትን አጡ። እሑድ ዕለት ገበያ ወርደው ልክ እንደራሳቸው ያለ ቡናማ የቆዳ ቦርሳ ገዙላት። ሚጡ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ሳመቻቸው። ሰኞ ጠዋት ከክፍሏ ስትወጣ ቦርሳው በእጇ ነበር፤ ቱታው ደግሞ ገላዋ ላይ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ አባት፣ ከረቫታቸውን እያሰሩ።

«ቱታ ነዋ አባዬ።»

«ቱታ መሆኑንማ አንቺ ሳትወለጂ አውቀዋለሁ። እቤት ውስጥ ምን ይሠራል ነው የምልሽ።»

«ሥራ ልሄድ ነዋ።»

«እዚያ ስትደርሺ ትቀይሪያለሽ።»

«በቀን አራት ጊዜ ለመልበስና ለማውለቅ ነው እንዴ የተቀጠርኩት? ደግሞ እየው፣ ሰባት ኪስ አለው። ሰባት ኪስ ያለው ቀሚስ አይተህ ታውቃለህ?»

እናትየው ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ማንኪያ የሚያነሱ መስለው ወደ ጓዳ ገቡ። ጋሽ ዳይሬክተር ሰዓታቸውን አዩ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን አርፍደው ስለማያውቁ ክርክሩን መቀጠል አልቻሉም።

መንገድ ላይ ያላቸው አማራጭ አንድ ብቻ ነበር፤ መፍጠን። ሃያ እርምጃ ያህል ቀድመው፣ ከኋላቸው የምትመጣውን ልጅ በዓይን እንኳ እንደማያውቁ ሆነው ገሰገሱ። ሚጡም በዚያ የጠዋት ጸጥታ «አባዬ፣ ቀስ በል እንጂ፣ ምን ያሯሩጥሃል» እያለች ተከተለቻቸው። ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ አንድ ዳቦ ይዞ ቆሞ ነበር።

«ጋሽ ዳይሬክተር፣ ልጅዎ አይደለችም እንዴ?»

«ናት።»

«የት ልትሄድ ነው?»

«ሥራ ጀምራለች። እኛው ጋ።»

«በቱታ?»

ጋሽ ዳይሬክተር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በቱታ» አሉ።

ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን አስቀመጠና ቆቡን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ የገባቸው አመሻሽ ላይ ሲመለሱ ነው። ዳይሬክተሩ የገዛ ልጃቸውን በአንድ ስልክ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ሲችሉ እንደማንም ከታች ጀምሪ ብለው አውቶቡስ ሥር አስገቧት የሚል ወሬ ሰፈሩ በአንድ ቀን አብቅሎ ቆያቸው። ጡረታ የወጡት መምህርት ከወንበራቸው ብድግ ብለው አሳለፏቸው። ልብስ ሰፊው «እንዲህ ያለ ሰው አሥር ቢኖረን» አለ። ጋሽ ዳይሬክተር ዳይሬክተር ብቻ መሆናቸው ቀርቶ ጻድቅ ዳይሬክተር ሆኑ።

«ንገራቸው እንጂ» አለች ሚጡ እራት ላይ። «እኔ ካልጠየቁኝ አልናገርም፤ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።»

«ማን ይጠይቅሻል? መልሱን ራሳቸው ጨርሰውታል።»

ቱታው ግን ዕረፍት ነሳቸው። በየቀኑ ያንን የተጨማደደ ነገር እያዩ ከኋላው መሄድ፣ ወይም ከፊቱ መሮጥ፣ አልሆነላቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ሚጡ ቱታዋን አጥባ ካደረቀች በኋላ ካውያውን አሞቁና ተኮሱት። እንደዋዛ አይደለም፤ ውኃ እየረጩ፣ በጨርቅ እየጫኑ፣ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት እንደ ምላጭ የሰላ መስመር አወጡለት። እጅጌውንም እንዲሁ።

ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው ጉዱን ያያሉ። «ሠላሳ ሦስት ዓመት ስንኖር» አሉ ሴትየዋ፣ «አንዲት መሐረብ ተኩሰህልኝ አታውቅም።»

«መሐረብ መንገድ ላይ ብቻውን አይሄድም።»

ሰኞ ዕለት ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። በያጁ ሚጡን ከላይ እስከ ታች ካያት በኋላ «ራቅ በሉላት፣ ይሄ ቱታ ሽንኩርት ይከትፋል» አለ። ረቡዕ ላይ ያው በያጅ የራሱን ቱታ በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ጋሽ ዳይሬክተር ጠጋ አለና በጆሯቸው «ለእኔም እንዲያ ያድርጉልኝ፣ ሚስቴን ላስደንቃት ነው» አላቸው። በወሩ አምስት ሰዎች መስመር ባለው ቱታ መሥራት ጀመሩ። መስመሩ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አያልፍም፤ እስከዚያ ግን ሁሉም እንደ ሙሽራ ነበር የሚራመደው።

ነገሩ በዚሁ ይቀጥል ነበር፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ባታገባ ኖሮ። የሙሽራው ቤት ከከተማው ማዶ፣ ከዳገቱ በላይ ነው፤ ዘመድ ጎረቤቱን የሚያደርስ አውቶቡስ ያስፈልጋል። ሰፈሩ መከረ። ዳይሬክተሩን እቤታቸው ሄዶ መጠየቅ ነውር መሰለ፤ ጻድቅ ሰው ናቸውና ለጎረቤት አዳሉ መባሉን አይወዱትም። ስለዚህ በደንቡ፣ በደብዳቤ፣ ቢሯቸው ድረስ እንሂድ ተባለ። ሐሙስ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪው፣ መምህርቷና ልብስ ሰፊው ክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ የጋሪ ጎማ የሚያህል ዳቦ በትሪ ይዘው ጋራዡ በር ላይ ከተፍ አሉ።

እውነተኛው ዳይሬክተር በዚያች ሰዓት ግቢው ውስጥ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ካናቴራና ጂንስ፣ ከታች ነጭ የስፖርት ጫማ ያደርጋል፤ ቢሮው ውስጥ ከሚቀመጥበት ጊዜ አውቶቡሶቹ መሐል የሚዞርበት ይበልጣል። ዳቦ ጋጋሪው እንዳየው ትሪውን አስታቀፈው።

«ና እስቲ ወንድሜ፣ ይችን ያዝልኝና ዳይሬክተሩ ቢሮ አድርሰን።»

ወጣቱ ትሪውን ተቀበለ። «ዳይሬክተሩ እኔ ነኝ» አለ በትሕትና።

ዳቦ ጋጋሪው ከሳቁ ብዛት የመብራት እንጨት መደገፍ ነበረበት። መምህርቷ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ በአለቃህ ስም አትቀልድ፤ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው ቡናማ ቦርሳ የሚይዙት ናቸው» ብለው መከሩትና ጠያቂ ፍለጋ ዓይናቸውን ወረወሩ። በቅርብ ያለው ሰው ከአንድ አውቶቡስ ሥር የወጣ ጥንድ እግር ብቻ ነበር። ጎንበስ አሉለት።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ዳይሬክተሩ የት ናቸው?»

ጋሽ ዳይሬክተር ድምፁን ለዩት። የያዙት ቁልፍ ደረታቸው ላይ ወደቀ። ጉንፋን የያዘው ሰው በሚመስል ድምፅ «ወጥተዋል» አሉ።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«አይታወቅም። ሰውየው ቁርጥ ያለ ሰዓት የላቸውም።»

«ኧረ ተው» አሉ መምህርቷ ቅር ብሏቸው። «እሳቸውማ ሰዓት አክባሪ ናቸው። ሰፈራችን ሰዓቱን የሚሞላው በእሳቸው ነው።»

ከአውቶቡሱ ሥር ያሉት ሰው ይህን ሲሰሙ ሆዳቸው ባባ። ሁለት ሜትር ርቃ ጎማ ላይ የተቀመጠችው ሚጡ ሳቋ እንዳይወጣ እጅጌዋን ነክሳለች። በዚህ መሐል እውነተኛው ዳይሬክተር ዳቦውን እንዳቀፈ ተንበረከከና ወደ ታች አንገቱን አስገባ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት እርስዎን ሳይሆን አይቀርም። ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ ቡናማ ቦርሳ ነው የሚሉት።»

ከዚህ በኋላ መደበቂያ የለም። መጀመሪያ ጫማው፣ ቀጥሎ መስመር ያለው ቱታ (የራሳቸውንም መተኮስ ጀምረዋል)፣ በመጨረሻ ከዓይንና ከጥርስ በቀር ነጭ የሌለበት ፊት ወጣ። ቀጥ ብለው ቆሙ። ዳቦ ጋጋሪው ዞር ዞር ብሎ አያቸው።

«አይ፣ እሳቸው አይደሉም» አለ። «የእኛ ሰው ቀላ ያሉ ናቸው።»

በሩ ተከፍቶላቸው ነበር። «አዎ፣ ተሳስታችኋል» ቢሉ ሰዎቹ አመስግነው ይሄዳሉ። ጋሽ ዳይሬክተር ልጃቸውን አዩ። ሚጡ እጅጌዋን ለቃለች፤ እንዲህ በል ወይ እንዲያ በል የሚል ነገር ፊቷ ላይ የለም፤ ምን እንደሚሉ ማወቅ ብቻ ነው የምትፈልገው። ድንገት ያ የትምህርት ቤት መስኮት ትዝ አላቸው። አባታቸው ያኔ የሳቁት አፍረው አልነበረም ማለት ነው? ጆንያውን ረስተውት ይሆን? ይህን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን አስበውት አያውቁም ነበር። ከኪሳቸው ጨርቅ አወጡና የፊታቸውን አንድ ጎን ጠረጉ፤ ለሌላው ጎን ጨርቁ አልበቃም።

«እኔው ነኝ» አሉ።

መምህርቷ መነጽራቸውን አደረጉ። ዳቦ ጋጋሪው የጸዳውን ጉንጭ አየ፣ ያልጸዳውን አየ። «ጋሽ ዳይሬክተር፣ ምን አገኘዎት? መኪና ወደቀብዎት?»

«ሥራዬ ነው። መካኒክ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመቴ። ዳይሬክተሩ ይኸውልህ፣ ዳቦህን የያዘው ልጅ ነው።»

ጋሽ ዳይሬክተር ትዝብቱን ለመቀበል ተዘጋጅተው መሬት መሬት አዩ። ዳቦ ጋጋሪው ግን ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ።

«የሊጥ ማቡኪያ ማሽኔ ከቆመ ስንት ጊዜው ነው?»

«ስድስት ዓመት» አለ ልብስ ሰፊው።

«ስድስት ዓመት በእጄ አቦካለሁ» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ቀስ እያለ እየጋለ። «ወገቤ እንደዚህ ሆኖ። ሰውየው ደግሞ ግድግዳ ለግድግዳ አብረውኝ ይተኛሉ።»

«የእኔስ ሲንጀር» አለ ልብስ ሰፊው። «በየአራት ስፌቱ አንድ ይዘላል። ደንበኛውን ሁሉ ዲዛይን ነው እያልኩ ነው የማሳምነው።»

የመምህርቷ ቁጣ ከሁሉም የባሰ ነበር፤ በተማሪ ላይ ይቆጡ የነበረው ዓይነት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። «የውኃ ፓምፔ ሲበላሽ እባክዎ ጥሩ መካኒክ ይፈልጉልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ለምኜዎታለሁ። ምን ብለውኝ ነበር?»

«አፈላልጋለሁ።»

«አፈላለጉ?»

«እያፈላለግኩ ነበር» አሉ ጋሽ ዳይሬክተር፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው።

መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣት ሚጡን ነው። ከዚያ በያጁ ተከተለ፤ ከዚያ እውነተኛው ዳይሬክተር ሲስቅ ዳቦው ከትሪው ሊንሸራተት ሆነና አምስት ሰው ተሻምቶ ያዘው። ጋሽ ዳይሬክተር ራሳቸው በግማሽ ነጭ በግማሽ ጥቁር ፊታቸው መሳቅ ሲጀምሩ መምህርቷም አልቻሉም። ደብዳቤው እዚያው ቆሞ ተነበበ። ወጣቱ አሰበና «ጋሼ የሚሠሩት አውቶቡስ ወደ መንገድ ከመግባቱ በፊት ሰው ጭኖ ዳገት መውጣት አለበት፤ ይፈተናል» አለ። «እናንተ ለፈተናው ክብደት ትሆናላችሁ። እየዘፈናችሁ መመዘን ትችላላችሁ።»

የሠርጉ ቀን ጋሽ ዳይሬክተር አንድ ችግር ገጠማቸው። በፈተና ጉዞ ላይ ያለ መካኒክ ቱታ መልበስ አለበት፤ ሠርግ የተጠራ ሰው ደግሞ ሙሉ ልብስ። መስታወት ፊት ሁለቱንም ይዘው ሲንቆራጠጡ ሚጡ «ተረኛዋ እኔ ነኝ፤ አንተ ሠርገኛ ነህ» ብላ ገላገለቻቸው። ሙሽራዋም ከነሚዜዎቿ ተሳፍራ አውቶቡሱ ጢም አለ። ጋሽ ዳይሬክተር ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጡ፤ ይዘፈናል፣ ይጨበጨባል፣ እሳቸው ግን ጆሯቸው ማርሹ ላይ ነው። አንገታቸውን ዘመም ባደረጉ ቁጥር አውቶቡሱ በሙሉ ዘፈኑን ያቆማል፤ ቀና ሲሉ ካቆመበት ይቀጥላል።

ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቆመ። ጋሽ ዳይሬክተር ኮታቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«ቁጭ በል» አለች ሚጡ። «ምን ሰማህ?»

«የነዳጅ ቱቦ። በቀኝ በኩል፣ ማሰሪያው ላልቷል።»

«እኔም እንደዚያ ነው የሰማሁት» አለችና ወረደች። በአራት ደቂቃ አጥብቃ፣ ሞተሩን አስነስታ፣ እስከ ክርኗ በናፍጣ ጠቁራ ስትመለስ ሙሽራዋ በደስታ ልታቅፋት ተነሳች። ያ ሁሉ ነጭ ቬሎ። አውቶቡሱ በአንድ ትንፋሽ «ኡ» አለ። ሚጡ ማንንም ላለመንካት ሁለት እጆቿን ወደ ጣሪያው ሰቀለች፤ ዘፈኑም ስለቀጠለ እጇን እንደሰቀለች በትከሻዋ ብቻ መጨፈር ጀመረች። ሙሽራዋም እጇን ሰቀለች። ከኋላ ያሉት የአዲስ ጭፈራ ሥርዓት መስሏቸው ሁሉም ሰቀሉ። ሙሽራው ቤት ሲደርሱ የወንድ ወገን ሁሉ እጁን ሰቅሎ የሚወርድ ሰው ሲያይ ተደናግጦ የራሱንም ሰቀለ፤ ያ ሠርግ እስከ ማምሻው በዚያው ጭፈራ አለቀ። ጋሽ ዳይሬክተር ከረቫታቸው ትከሻቸው ላይ ተገልብጦ ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ሲወዛወዙ ባለቤታቸው አይተው «የማን ባል ነው?» ብለው ጠየቁ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያቸው ውስጥ ፓምፕ፣ ወፍጮ፣ የስፌት መኪና ተሰልፎ ይውላል። አባትና ልጅ አብረው ይሠራሉ። መጠሪያ ስማቸው ግን አልተቀየረም፤ ሰፈሩ ሃያ ሁለት ዓመት የለመደውን አፍ ማስተካከል ከበደው። ቱታ ለብሰው መንገድ ወጥተው ያውቃሉ ወይ ለሚል፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ዳቦ ቤት ድረስ። ከዚያ በኋላ «ነፋሱ በእግሬ ይገባል» ብለው ተዉት።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት እውነተኛው ዳይሬክተር መካኒኮቹ ከአውቶቡስ ሥር ቆመው ወደሚሠሩበት ጉድጓድ አፍ መጥቶ ቁጢጥ አለ። የእጮኛው ቤተሰቦች ምሳ ጠርተውታል፤ አባቷ ኮስታራ ሰው ናቸው ብላ ልጅቷ አስፈራርታዋለች። ሙሉ ልብስ የሚባል ነገር ለብሶ አያውቅም። «ጋሼ፣ እርስዎ ይግቡበት» አለ።

ጋሽ ዳይሬክተር ገቡበት። ልብስ ሰፊው ጋ ወስደው አስለኩት፤ ልጁ ሲለካ እጆቹን እንደሚፈተሽ ሰው ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የቆመው። ከረቫት ማሰር ሦስት ቀን አስተማሩት። ጫማ መጥረግ፣ ሲቀመጡ ኮት መፍታት፣ ሲነሱ መቆለፍ፣ ሁሉንም አስጠኑት። እሑድ ጠዋት እንደ ጅምር ግድግዳ ደርቆ፣ ላቡ ጠብ እያለ ሄደ።

ሰኞ ዕለት ካናቴራውን ለብሶ ሲመጣ አባትና ልጅ ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ጠበቁት።

«እሺ፣ እንዴት ሆነ?» አሉ ጋሽ ዳይሬክተር።

«ኮስታራው አባት ራሳቸው ናቸው በር የከፈቱልኝ።»

«ምን ለብሰው?»

«ቁምጣ» አለ ወጣቱ። «ቁምጣና ነጠላ ጫማ። ኮቴን አይተው ከሥራ ቦታ በቀጥታ የመጣሁ መስሏቸው አዘኑልኝ፤ ምስኪን፣ እሑድም ያሠሩሃል እንዴ አሉኝ።»

ጋሽ ዳይሬክተር ቁልፋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ካልሲስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ካልሲም የለም።»

አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ አውቶቡሱ ሆድ ተመለሱ። ቁልፋቸውን አነሱ፣ አንድ ብሎን ያዙ፣ ማጥበቅ ግን አልቻሉም፤ ሳቁ ከእጃቸው ወደ ቁልፉ፣ ከቁልፉ ወደ አውቶቡሱ ብረት አለፈና ከላይ መስኮቶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሚጡ መብራቱን ያዘችላቸው።